ኮላ የማይወደው ቁም ሳጥን

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ የቻይና ጥንታዊ የቤት ዕቃ እየጠገነ የሚሸጥ ሱቅ ቀጠረኝ። ሥራዬ መጫንና ማውረድ ነበር። የአናጢ ልጅ ነኝና ዕቃ ባወረድኩ ቁጥር ዞሬ ሚስማሩን እፈልጋለሁ። የለም። የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ ሌላው ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ገብቶ ይቆልፋል። ቻይናውያን ሱንማኦ ይሉታል። አባቴም ደሴ ላይ ለበርና ለመስኮት ይሠራበታል፤ ትልቅ ቁም ሳጥን በዚህ ብቻ ቆሞ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለሱቁ ዝምተኛ አዛውንት ቻይናዊ ናቸው። ሀብታም ገዢዎች እ.ኤ.አ. ከ1368 እስከ 1644 በቆየው የሚንግ ዘመን የተሠራ፣ ሁዋንግሁዋሊ ከሚባለው ውድ እንጨት የሆነ ወንበር እየጠየቁ ይመጣሉ። እሳቸው የሚወዱት ግን በሰሜን ቻይና፣ በሻንሺ ተራ ቤቶች ያገለገለውን የኤልም እንጨት ዕቃ ነው። እኔም ከደሞዜ እያስቆረጥኩ የገዛሁት እሱኑ ነው፦ ክብ የናስ መቆለፊያ ያለው፣ በሮቹ ያለ ብረት ማጠፊያ በእንጨት እሾህ ላይ የሚዞሩ ቁም ሳጥን። እናቴ በቪዲዮ አይታው «ልጄ፣ እዚያ አገር አዲስ ዕቃ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

የበሩ መሃል ጣውላ ሲነኩት ይነቃነቅ ነበር። የላላ መስሎኝ ዙሪያውን ኮላ ሞላሁበት። ብርዱ ገባ፣ ማሞቂያው ቀንና ሌሊት ይሠራል። አንድ ሌሊት ጧ አለ። ጠዋት ሳየው ጣውላው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

አዛውንቱ አልተቆጡም። የሌላ ቁም ሳጥን ጣውላ በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው አሳዩኝ። ለካ ጣውላው ፍሬሙ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ላይ ያለ ኮላ ነው የሚቀመጠው። በቨርጂኒያ እርጥብ የበጋ ሙቀት በወርዱ ያብጣል፣ ማሞቂያ ሲያደርቀው ይኮማተራል፤ ቦዩ መፈናፈኛው ነው። እኔ ያንን ቦታ ደፈንኩበት። የድሮው የእንስሳት ሙጫ ቢሆን በሙቅ ውሃ ይለቅ ነበር፤ የኔው የፋብሪካ ኮላ ግን ሁለት እሑድ ሙሉ በመሮ አስፋቀኝ። ስንጥቁን ከተሰበረ አሮጌ መሳቢያ በወጣ ቀጭን የኤልም ስንጣሪ ሞላነው። ጠባሳው ይታያል።

ፎቶውን ወደ ቤት በላክኩ ጊዜ አባቴ ስልኩን ከእናቴ ተቀበለና ስለ ስንጥቁ ምንም ሳይል «ቦዩን ለክተህ ላክልኝ» አለኝ። ለካሁት፤ ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር። አሁን ለጎረቤት ቁም ሳጥን እየሞከረው ነው።