ከድስታችን ጨው ስንቀንስ፦ እስካሁን የደረስንበት

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ እኛ ቤት ብዙ ነገር ተቀይሯል። ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ ጨው ነው። ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ጋ ሄዶ «ጨው ቀንስ» ሳይባል አይመለስም። እንዴት እንደሚቀነስ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙ የለም። እኛ የሠራልንንና ገና ያልጨረስነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወሰንነው ለእማዬ ለብቻ ድስት ላለመጣድ ነው። በብዙ ቤት ለታመመው ሰው አልጫ ለብቻ ይሠራለታል፣ ሌላው የለመደውን ይበላል። እማዬ ደግሞ ለብቻዋ መብላት አይሆንላትም። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ካልቆረሰች፣ ካላጎረሰቻቸው፣ ምግብ አይወርድላትም። ስለዚህ ጨው የሚቀነሰው ከሁላችንም ድስት ነው ተባባልን። ለእኛም ይበጀናል። ግፊት በቤተሰብ ውስጥ የሚተላለፍበት ዕድል አለ፤ እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። የልጆች ምላስ ደግሞ የሚለመደው ከቤት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለልጆች ከዚያም ያንሳል። ይሄ ቁጥር ግን ወጥ ለሚሠራ ሰው ብዙም አይጠቅምም፤ ቤት ውስጥ በግራም የሚያበስል የለም። እኛን የረዳን የጨው ከረጢቱ ላይ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት አዋቂዎች በ5 ግራም ልክ ቢሄዱ በቀን 25 ግራም ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን ይቆያል ማለት ነው። አራት ከሆናችሁ 50 ቀን። የእኛ ቤት ጨው ድሮ ወር ሳይሞላው ያልቅ ነበር። አሁን ከወር ተኩል በላይ ይቆያል። ሁለተኛው ከረጢት ላይ ቀኑን የጻፈችው ትልቋ ልጄ ናት፤ አሁን ሥራው የእሷ ሆኗል።

ግን ይህ ሒሳብ የሚያሳየው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ጨው ብቻ ነው። ዋናው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ጓዳ ገብተን ዕቃ በዕቃ አየን። በርበሬው ውስጥ ጨው አለ፤ ከቅመሙ ጋር አብሮ ነው የተፈጨው። ምጥን ሽሮው ውስጥ አለ። ሚጥሚጣው ውስጥ አለ። አዋዜው ውስጥ አለ፤ ለዚያውም ከበርበሬው ጨው ሌላ ተጨምሮበት። በትንሽ ወረቀት የሚጠቀለለው ማጣፈጫ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ዳቦው ውስጥ አለ። ልጆቹ ከሱቅ የሚገዙት ቺፕስና ኑድልስ ውስጥም አለ፤ የኑድልሱ ጨው ያለው በዚያች ትንሽ የቅመም ፓኬት ውስጥ ነው። አስቡት፤ ሽሮ ሲሠራ ሽሮው ጨው አለው፣ ቁሌቱ ላይ የገባው በርበሬ ጨው አለው፣ ማጣፈጫው ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጨው አነሰው» ተብሎ ሌላ ይደረግበታል። አንድ ድስት አራት ጊዜ ጨው ይገባበታል።

እዚህ ላይ የእማዬ ሙያ ነው ያዳነን። በጋ ላይ በርበሬ ስታዘጋጅ «ጨውን ተዪው፣ ድስት ላይ እንጨምራለን» ስላት መጀመሪያ ፊቷ ጨለመ። ጨው የሌለው በርበሬ ለእሷ ያልተጠናቀቀ በርበሬ ነው። እንዳይነቅዝም ትሰጋለች። ስጋቷ ትክክል ነው። ስለዚህ በአንዴ ብዙ ማስፈጨት ትተን ትንሽ ትንሽ እያልን ማስፈጨት ጀመርን። በርበሬው በደንብ ከደረቀና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ከተቀመጠ እስካሁን አልተበላሸብንም። ጨው ሲቀር እሷ ኮረሪማውን፣ በሶብላውንና ነጭ አዝሙዱን ከፍ አደረገችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካሁኑ የተሻለ በርበሬ በልቼ አላውቅም። ሽሮውንም እንደዚሁ አደረግነው። አሁን ጨው ወደ ድስት የሚገባው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በማንኪያ።

ማንኪያው ራሱ የቻለ ታሪክ አለው። ቤታችን በአብዛኛው ምግብ የምትሠራው የምታግዘን ልጅ ናት። እጇ ቆንጆ ነው፤ ግን እንደ አብዛኞቻችን ጨውን በእጇ ቆንጥራ በዓይኗ ነው የምትለካው። «ጨው ቀንሺ» ማለት ለእሷ ምንም ማለት አይደለም፤ ከምን ላይ ትቀንስ? አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨው ዕቃው ውስጥ አስቀመጥንና ለየድስቱ ልክ አወጣን። በመጀመሪያ የለመደችውን ያህል ለካን። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ትንሽ ትንሽ ቀነስን። በአንዴ ግማሽ ብናደርገው ኖሮ ባለቤቴ የጨው ዕቃውን ገበታ ላይ ያመጣው ነበር። ቀስ ሲባል ምላስ ይከተላል። አሁን ዘመድ ቤት ስንበላ «ጨው በዝቶበታል» የሚለው እሱ ነው።

ጨው ሲቀንስ የጎደለውን የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። ለእኛ ዋናው ሎሚ ሆነ፤ ምስር ወጥ ላይ ሊወርድ ሲል ጠብ ይደረጋል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመርን። ጎመን ላይ ቃሪያ በዛ ብሎ ይገባል። አልጫ ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው። ድንችና ጥቅል ጎመን ያለ ጨው ዝም ይላል፤ እርድና ቃሪያ ብንጨምርም ልጆቹ አልወደዱትም። የተሻለ መላ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ጨው ስትቀንሱ አዮዲን ያለውን አትተዉ። በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ መሠረት አገራችን ውስጥ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ሊኖረው ይገባል። እንቅርት በብዙ አካባቢ ያየነው ችግር ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሚያድግ ልጅ ደግሞ አዮዲን ለአእምሮ ዕድገት ወሳኝ ነው። አዮዲን በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ ጨዋችንን ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ አድርገን እናስቀምጣለን፤ የምንጨምረውም ወጡ ሊወርድ ሲል ነው። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። ወጡ ከመጠጠ በኋላ ስለሚቀመስ ጨው ሳይበዛ ይያዛል።

ስለ ልኬቱም ልንገራችሁ። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ገዛን። ነርሷ ያስተማረችን እንዲህ ነው። ሽንት ቤት ተሂዶ፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጦ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ሳይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ ይለካል። ወሬ የለም። ሁለት ጊዜ ይለካል፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ይታረፋል። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማለፍ አለበት። እኛ ቤት ጠዋት ቡና ስለሚፈላ እማዬ የምትለካው ገና ሳይቆላ ነው። ቁጥሩን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ለሐኪሙም ያንን ነው የምናሳየው። ቤት ውስጥ ተለክቶ በአማካይ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። የእማዬ የላይኛው ቁጥር መጀመሪያ 160 አካባቢ ነበር፤ ሰሞኑን አብዛኛውን ጊዜ 130ዎቹ ውስጥ ነው።

ይሄን ያመጣው ጨው መቀነሱ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ። መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። «ቁጥሩ ወርዷልና ልተወው» ማለት ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነገር ነው። የወረደው እኮ እየወሰደችው ስለሆነ ነው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ምግብ ሳልበላ ክኒኑን አልውጥም ብላ ነበር። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሰዓቱ ወደ ማታ ዞረላት፤ ሁለቱንም ሳታጎድል ጾመች። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ሰዓት አትቀይሩ።

የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጥ ፖታሲየም ያለበት ጨውም አለ። ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ኩላሊቱን ለሚያመው ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየሙ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ከፍ ሊል ይችላል። እማዬ ኢናላፕሪል ስለምትወስድ እኛ አልገዛነውም። ሌላው ደግሞ፣ መለኪያው 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ትንሽ አርፋችሁ ድገሙት። ከዚያ ጋር ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የንግግር መንተባተብ ካለ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱ።

በእግር መሄዱንም ጀምረናል። ማታ ማታ ከእማዬ ጋር በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዞር ዞር እንላለን። ልጆቹን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና በሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ቀን ብስክሌት ይዘን እናወጣቸዋለን። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አሁን የቀረን ዳቦው ነው። ቁርስ በሻይ የሚበላው ዳቦ ከሱቅ ስለሚመጣ ጨውን መቆጣጠር አልቻልንም። የሚቀጥለው ሙከራችን በሳምንት ሁለት ቀን ቁርስን መቀየር ነው፤ አንድ ቀን ገንፎ፣ አንድ ቀን የተቀቀለ ስኳር ድንች። ገንፎው ላይ የሚፈሰው ቅቤና በርበሬ ግን የራሱ ልክ ያስፈልገዋል። እማዬ «እሱን ለእኔ ተዉት» ብላለች።