ጥርኝ ውኃ

ነሐሴ 9፣ ማታ

ዛሬ ይህን ደብተር የገለጥሁት ከፍቶኝ ነው፤ ማን አስከፋሽ ቢሉኝ ግን የምጠራው ሰው የለኝም። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስከ ምሽት አላባራም፤ ከጎንደር አራዳ የተሳፈርሁበት ባጃጅም መጋረጃው የተቀደደ ነበርና ቤት ስደርስ ነጠላዬ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። እናቴ ጫማዬን ከደጃፍ አስወልቃ ከምድጃው ዳር አስደገፈችው፤ እኔም እግሬን በጋቢ ጠቅልዬ «ከነገ ጀምሮ አርፋለሁ» የሚለውን ውሳኔዬን በጽሑፍ ላጸናው ተቀመጥሁ።

ውሳኔው ድንገተኛ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን የበጀት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ቀን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ማታና በሰንበት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አገልጋይ ለሆነ ሰው ሥራ የሚጀምረው እነዚህ ሁለቱ ሲዘጉ ነው። በበጋ እሑድ እሑድ ብቻ የሚመጡት 40 የማይሞሉ ልጆች ክረምት ሲገባ ከ100 በላይ ይሆናሉ፤ ወላጅ «ጭቃ ለጭቃ ከሚውል፣ ቀሐ ወንዝ ከሚወርድብኝ» ብሎ ታናሹን ከታላቁ ጋር አስከትሎ ይልካል፤ እኛም ፊደል ያልለየውን ዳዊት ከሚደግመው ጋር በአንድ አዳራሽ አስቀምጠን እናስተምራለን። ሐምሌ ደረሰኝ ከመዝገብ ሳመሳክርና መዝሙር ሳስጠና አለፈ። ለነሐሴ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁና ሙሉውን ለፍልሰታ አዋልሁት፤ በመሥሪያ ቤት «ዕረፍት ላይ ናት» እየተባልሁ ነው።

የፍልሰታ ቅዳሴ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ግድም ነው የሚወጣው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማን ነጠላ እንደ ወደቀ፣ የማን ኮንጎ ጫማ በማን እግር እንደ ገባ፣ ማን ቆርቦ አፉን ሳይሸፍን እንደ ሮጠ ስከታተል እቆያለሁ፤ ከዚያም እቆጥራለሁ፤ አንድ ይጎድልና እንደገና እቆጥራለሁ። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ከቅዳሴው የሰማሁት ቆጠራዬን ከሚያቋርጠኝ «ተንሥኡ» ብዙም አይዘልም። እናቴ ትናንት ራት ላይ «አንቺ ልጅ፣ የሰው ልጅ ስታቆርቢ ትውያለሽ፤ አንቺስ መቼ ነው?» ስትለኝ፣ ሽሮው የሚቀዘቅዝ አስመስዬ ወደ ገበታው አቀረቀርሁ።

የክፍላችን ሰብሳቢም ሳይታዘበኝ አልቀረም። ዛሬ ጧት በር ላይ አግኝቶኝ «እህታችን፣ ሚዛንሽን ጠብቂ፤ ማገልገል ማለት ራስን መጣል አይደለም» ካለኝ በኋላ፣ እዚያው እንደ ቆመ የቡሄውን መዝሙርና የሙልሙሉን ጉዳይ ጨመረልኝ። ቡሄ አራት ቀን ቀርቶታል። ቅን ሰው ነው፤ ሁለቱንም ከልቡ ነው ያለው።

በእኛ ሙያ ሚዛን ማለት በግራና በቀኝ ያለው ድምር እኩል ሲወጣ ነው፤ አንዲት ሳንቲም ብታንስ ወይም ብትተርፍ እርሷን ሲፈልጉ ማደር ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ሚዛን ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ለልጆቹ ዛሬ የነገርኋቸው የበላዔ ሰብ ታሪክ ነው፤ በአንድ ወገን የበላቸው 78 ነፍሳት፣ በሌላው ወገን በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ የሰጣት ጥርኝ ውኃ፣ ሚዛን የደፋችውም ውኃዪቱ። ታሪኩን ስጨርስ በር አጠገብ የሚቀመጠው ትንሹ ልጅ እጁን አወጣና «እትዬ፣ ውኃው ለእሱስ ተረፈው?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ልጅ እንዲሁ የሚታለፍ ልጅ አይደለም። ከሐምሌ 7ቱ የሥላሴ በዓል ማግስት ልጆቹን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዘናቸው ሄደን፣ ለመመለስ ስንቆጥር አንድ ጎደለና ልቤ ቀጥ አለ። ተመልሼ ስገባ፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል በተረፈችው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንገቱን አንጋጥጦ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ሲመለከት አገኘሁት። ልቆጣው ስል «እኔን የሚያየኝ የትኛው እንደ ሆነ እየፈለግሁ ነው» አለኝ፤ ቁጣዬን ዋጥሁት። ስለዚህ ዛሬም በጥያቄው ደነገጥሁና «እንመለስበታለን» ብዬ ለቅዳሴ አሰለፍኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ታሪኩ እንደሚነገረው በላዔ ሰብ ለድሃው የሰጠው ጥርኝ ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪውን ይዞ መንገዱን ቀጥሏል። እንግዲያስ ተርፎታል ማለት ነው። ጥርኝ ሰጥቶ ቀሪውን ይዞ የሄደው ሰው ምሕረት ካገኘ፣ እንስራውን እንዳለ የምገለብጠው እኔ ምን ልባል ነው? ወዲያው ግን ይህ አሳብ ሐኬት የሚያቀብለኝ ምክንያት መሰለኝ፤ ሰውዬው ምሕረት ያገኘው ቀሪውን ስለ ያዘ አይደለምና። ሁለቱን ሳንቲም የጣለችው መበለት ደግሞ ለራሷ ምንም አላስቀረችም፤ እርሷም ተመሰገነች። የሂሳብ ሰው እነዚህን ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ሲያይ የሚያምረው ዘግቶ መሄድ ነው። በአታ ወርጄ ከሊቃውንቱ አንዱን ልጠይቅ ይሆን ብዬም አሰብሁ፤ ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ አቋቋም፣ የማኅሌቱን ሥርዓት፣ ሊማሩ በሚመጡበት ደብር አንዲት ሴት በዝናብ ገብታ «አባ፣ የበላዔ ሰብ ውኃ ስንት ቀረ?» ስትል ታየኝና ተውሁት።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ፣ አሁን ገና፣ ጥያቄው የቀረበበት ሰዓት ትዝ አለኝ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነበር። ልጁ ቆራቢ ነው፤ ከማታ ራት ወዲህ እህል ውኃ አልቀመሰም፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ስተርክለት ቆይቻለሁ። ከንፈሩን ሲልስ አይቼዋለሁ፤ ያንን እንኳ በትምህርቱ ተመስጦ ነው ብዬ ነበር። «እንመለስበታለን» ብዬዋለሁና ነገ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ባዶ ሆድ ወደ ውኃው ልመልሰው ይሆን?