የዛፍ ሽኮኮንና የእሳት እራትን በአንድ ሠንጠረዥ

የአንድ የዛፍ ሽኮኮና የአንዲት የእሳት እራት ምደባና የጥበቃ ደረጃ በአንድ ሠንጠረዥ ላሰፍር ተነሳሁ። ሥራውን የጀመርኩት ከስም ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ጎጃም ውስጥ «ሽኮኮ» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን፣ ዳዊት ድንጋይን መሸሸጊያው ያደረገለትን እንስሳ ነው። እሱ ግን ለዛፉ ሽኮኮ ሳይሆን ለዝሆን ይቀርባል። ጭራ አልባ ከሆነና የኋላ እግሩ 3 ጣት ካለው የድንጋዩ ነው፤ የዛፉ ረዥም ጭራና 5 የኋላ ጣት አለው። ፎቶ ላይ ጣት ለመቁጠር አትድከሙ፣ ጭራውን ፈልጉ።

የመረጥኩት የዛፍ ሽኮኮ በሳይንሳዊ ስሙ ሄሊዮሲዩረስ ጋምቢያነስ ነው። ከእሳት እራት ደግሞ የቡሬና የወንበርማ ገበሬ በቆሎው ላይ የሚያውቀውን መጤ ተምች፣ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳን ወሰድኩ። ሰው የሚያውቀው ትሉን እንጂ እናቱን አይደለም። ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ምልክት፣ ወደ ጭራው ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ 4 ጥቁር ነጥቦች አሉት። እራቷን በክንፏ አትያዙ። ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት ቅርፊት ነው፤ የቢራቢሮና የእሳት እራት ወገን የሚጠራበት ሌፒዶፕቴራ የሚለው ስምም «ባለ ቅርፊት ክንፍ» ማለት ነው። ቅርፊቱ ከረገፈ መለያው አብሮ ይሄዳል።

ምደባው አያስቸግርም። የሚጋሩት እንስሳነትን ብቻ ነው፤ ከእንስሳነት ቀጥሎ ባለው ትልቅ ክፍፍል፣ ፋይለም ላይ፣ ይለያያሉ። ከፋይለም ወደ ክፍል፣ ወደ ወገን፣ ወደ ቤተሰብ ሲወረድ፦ ሽኮኮው ኮርዳታ፣ ማማሊያ፣ ሮደንሺያ፣ ሲዩሪዴ፤ እራቷ አርትሮፖዳ፣ ኢንሴክታ፣ ሌፒዶፕቴራ፣ ኖክቱዊዴ። የሰያሚውን ቅንፍ ግን አትጣሉ፦ (ኦጊልቢ፣ 1835) እና (ስሚዝ፣ 1797)። ቅንፉ ዝርያው ስም ከወጣለት በኋላ ጂነሱ (የስሙ የመጀመሪያ ቃል) መቀየሩን ይናገራል።

የተሳሳትኩት የጥበቃ ደረጃው ላይ ነው። በአይዩሲኤን (ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ቀይ መዝገብ ሽኮኮው «አነስተኛ ስጋት» ነው። እራቷ ያልተገመገመች ስለሆነች፣ ደግሞም ማሳ ስለምታራቁት፣ እሷንም «አነስተኛ ስጋት» ብዬ ሞላሁ። ስህተት ነው። ደረጃ የሚሰጠው መስፈርት ተሰልቶ ነው፤ ለምሳሌ በ10 ዓመት ወይም በ3 ትውልድ ውስጥ (የሚረዝመው ይወሰዳል) ቁጥሩ 30 በመቶ ከቀነሰ ተጋላጭ፣ 50 ከሆነ አደጋ ላይ ያለ፣ 80 ከሆነ በከፍተኛ አደጋ ላይ ያለ ይባላል። ያልተሰላለት ዝርያ ብዙም ሆነ ጥቂት ሳጥኑ ባዶ ነው። የቡሬን በቆሎ የምትጨርሰውና አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ብቻ የቀረች ሌላ እራት እኩል «ያልተገመገመች» ሊባሉ ይችላሉ።

ስለዚህ «የተገመገመበት ዓመት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። 10 ዓመት ያለፈው ግምገማ መዝገቡ ራሱ «መታደስ ያለበት» ስለሚለው፣ ከደረጃው ጎን እሱንም እጽፋለሁ።