ልዕልቷ ሐረር ሄዳለች

ከሰዓት የድሬ ሙቀት ሲበረታና ሰፈሩ ሁሉ በርጫ ላይ ሲቀመጥ እኔ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ የሚያየኝ ሰው ትልቅ ስራ ይዤ ነው የሚመስለው፣ ሃቁ ግን የድሮውን ማሪዮ እየበለትኩ ስዕሉንና ጽሁፉን ወደ ሀገርኛ እየቀየርኩ ነው። ያ በቲቪ ጌም በካሴት እየተጫወትነው ያደግነው፣ ኒንቴንዶ በ1985 ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ።

ለምን ዘመናዊ ጌም አትነካም ይሉኛል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለው የመኪና ጌም ላይ የሀገር ሚኒባስ የሚያስገቡ ልጆች አሉ፣ አሪፍ ነው፣ እኔን ግን አይዘኝም፣ እሱ ባህር ነው እኮ፣ አንድ ጥግ ነካክተህ ትወጣለህ። ማሪዮ ግን ሙሉው 40 ኪሎባይት ነው፣ 32ቱ ፕሮግራሙ 8ቱ ስዕሉ። ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉት አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። እስከ ስሩ ድረስ ታየዋለህ፣ የሰሩት ሰዎች አንዲት ባይት ለማትረፍ ምን እንዳደረጉ ሁሉ ይታይሃል፣ ለኔ የዚህ ሱስ ጣዕሙ እሱ ነው።

ለምሳሌ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ስዕል ናቸው። ቀለሙን ብቻ ነው የቀየሩት፣ ነጭ ሲሆን ደመና አረንጓዴ ሲሆን ቁጥቋጦ። እኔ ቁጥቋጦውን ቁልቋል ላደርገው ስል ሰማይ ላይ ነጭ ቁልቋል ይንሳፈፋል ማለት ነው፣ ስለዚህ እሾሁን ትቼ መሬት ሲሆንም ሰማይ ሲሆንም የሚያስኬድ ቅርፅ መፈለግ ግድ ነው።

ከሱ የባሰው ጉምባ ነው፣ ያ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ እንጉዳይ መሳይ። ሲራመድ ሁለት ስዕል የሚቀያየር ይመስላል አይደል? አንድ ነው። ያንኑ ስዕል ግራና ቀኝ እያገላበጡት ነው የሚራመድ የሚመስለው። እና እሱን ባጃጅ ላደርገው ፈለኩ። ባጃጅን በጎን ከሳልከው ግን ስትገላበጥ አንዴ ወደ ከዚራ አንዴ ወደ መጋላ የምትዞር እብድ ነው የምትሆነው። መፍትሄው ከፊት ለፊት መሳል ነው፣ መስታወቱ፣ መሃል ላይ አንድ ጎማ፣ ከዛ መሪውን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል። አሁን ሲገለባበጥ ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ባጃጅ ቁጭ! አቦ እሱን ሳይ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ዋናው ጣጣ ፊደል ነው። 8 ኪሎባይቱ ማለት 512 ትንንሽ ካሬ ማለት ነው፣ እያንዳንዷ 8 በ8 ፒክሰል፣ ግማሾቹ ለሚንቀሳቀሱት ግማሾቹ ለጀርባው። ጽሁፍ የሚመጣው ከጀርባው 256 ውስጥ ነው። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231፣ ሁሉንም ላስገባ ካልክ ለጡቡም ለቧንቧውም ለደመናውም 25 ካሬ ትቀርሃለች፣ ዲቃላዎቹን እነ ቷን ሳንቆጥር። አይሆንም። ስለዚህ የእንግሊዝኛዎቹን 26 ቦታ ብቻ ነው የምወስደው።

ጌሙ ውስጥ ፊደል ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 9 አሃዞቹ፣ 10 ኤ፣ 11 ቢ እያለ ዜድ 35 ይሆናል፣ 36 ባዶ ቦታ። የማሪዮ ስም 22፣ 10፣ 27፣ 18፣ 24 ተብሎ ነው የተቀመጠው። እኔ ማሪዮን በሶስት ፊደል ጨርሼ ሁለቱን 36 አደርጋቸዋለሁ። አማርኛ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን የፊደሉን አይነት ያበዛል፣ እና ቃል የምትመርጠው ፊደል እየቆጠርክ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ «አለቀ» ነው የሚለው፣ አ እና ለ ቀድሞ ስላሉ ቀ ብቻ ነች አዲስ የምትገባው። ግንቡን ጨርሰህ ስትገባ ማሪዮ የሚፈልጋት ልዕልት ሌላ ግንብ ውስጥ ናት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «አይዞህ ማሪዮ፣ ልዕልቷ ሐረር ሄዳለች» አልኩት። ዓረፍተ ነገሩ የተመረጠው ለቀልዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሐ ረ ር ለመሳል ቀላል ናቸው። ፊደሎቹ እንዳይጣበቁ አንድ ፒክሰል ክፍተት ስትተው የሚቀርህ 7 በ7 ነው፣ ሐ ሶስት እግር ከሁለት ክፍተት ጋር 5 ፒክሰል ነው ዘና ብላ ትገባለች። ሄ ናት ያስቸገረችኝ፣ ቀለበቷ መሃሏ ባዶ እንዲሆን ቢያንስ 3 በ3 ትፈልጋለች እና እግሯ ላይ ስትለጠፍ የተጨማደደች ትመስላለች።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። እነዛ ሚሊየን ጌም አለው እየተባሉ የሚሸጡ ካሴቶች ትዝ ይሏችኋል? ግማሹ ያው ጌም ስሙ ተቀይሮ ከሌላ ደረጃ እንዲጀምር የተደረገ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ባይት ቀይሯል ማለት ነው፣ ለንግድም ቢሆን።

ጌሙን ራሱን ላኩልን አትበሉኝ፣ የኒንቴንዶ ንብረት ነው አልልክም። የምልከው አይፒኤስ የምትባል ፋይል ናት፣ ውስጧ ያለው የቀየርኩት ባይትና ቦታው ብቻ ነው፣ የራሳችሁ ኮፒ ላይ ታሳርፏትና ስልክ ላይም ቢሆን በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌም በሚያስኬድ አፕ፣ ትጫወታላችሁ። አሁን የቀሩኝ የመክፈቻው ገፅ ጽሁፎች ናቸው፣ ያለኝ ቦታ ደግሞ ጥቂት ፊደል ነው፣ የማሪዮ ወንድም «ሉዊጂ» ብቻውን ሶስት ይበላል። ሉዊጂን በሌላ አጭር ስም ቀይሩልኝ፣ ቀድሜ ካስገባኋቸው ከነዚህ ፊደሎች የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፦ ማ ሪ ዮ ሰ ዓ ት ል ዕ ቷ ሐ ረ ር ሄ ዳ ለ ች አ ይ ዞ ህ ቀ።