ርቢ በፓይተንና በኤክሴል

ኮምቦልቻ ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የማስተምራቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ከሂሳብ ሥራ የመጡና ኤክሴልን አሳምረው የሚያውቁ ስለሆኑ፣ ርቢ (ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ ማባዛት) ለማስላት አስቀድመው የሚጽፉት የለመዱትን የ^ ምልክት ነው። ፓይተን 2^3 ሲሰጠው ስህተት አለ ሳይል 1 ብሎ ይመልሳል፤ በእርሱ ዘንድ ይህ ምልክት የሁለቱን ቁጥሮች የባይነሪ (የ0 እና የ1) አሃዞች አነጻጽሮ በሚለያዩበት ቦታ ብቻ 1 የሚያስቀምጥ ነውና። የርቢው ምልክት ** ሲሆን፣ ከቀደምቶቹ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በፎርትራንም ያገለገለው ይኸው ነው።

ከምልክቱ ይልቅ አጥብቄ የማስተምረው ግን የስሌቱን ቅደም ተከተል ነው። በፓይተን ርቢው ከመቀነስ ምልክቱ ስለሚቀድም የ-2**2 ውጤት -4 ነው፤ ኤክሴል ግን ያንኑ ስሌት 4 ያደርገዋል። እንዲሁም 2**3**2 በፓይተን ከቀኝ ስለሚጀመር 512 ሲሆን፣ ከግራ የሚጀምረው ኤክሴል 64 ያወጣል። ስለዚህ ደሴ ላለ ነጋዴ የባንክ ወለድ ሠንጠረዥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ሰው ቅንፍን ሊንቅ አይገባውም፤ 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ እየታከለበት ለ5 ዓመት ሲቀመጥ 10000*(1+0.07)**5 ተብሎ ቢጻፍ 14,025.52 ብር ገደማ ይሆናል፤ ቅንፉ ከቀረ ግን ውጤቱ ከ10,000 ብር ፈቅ አይልም።

በሙሉ ቁጥሮች በኩል ፓይተንን ከልብ አደንቀዋለሁ፤ የ2**100ን 31 አሃዞች አንድም ሳያጎድል ያወጣልና። ፓው (pow) የተባለው ፈንክሽኑም ሦስተኛ ቁጥር ሲሰጠው ግዙፉን ውጤት ሳያሰላ ቀሪውን ብቻ ስለሚመልስ፣ 7**222 ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው 9 መሆኑን ወዲያውኑ ያሳያል።