ለሙዚቃ ውድድራችን የንግድ ምልክት ስናወጣ

የወጣት ድምፃውያንን ውድድር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የጀመርነው ፒያሳ አንድ ጠባብ አዳራሽ ተከራይተን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ስናካሂድ የሚያስጨንቀን የድምፅ ማጉያው ኪራይ፣ የዳኞች አበልና የሽልማቱ ገንዘብ ስለነበር የስማችን ነገር ትዝ ብሎን አያውቅም። አንድ ቀን ማለዳ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ስወርድ በቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ፤ ስሙ የእኛ፣ የፊደሉ ቅርጽ የእኛ፣ ከሥሩ የተጻፈው ስልክ ግን የማናውቀው ነበር። በዚያው ሳምንት የአንድ የቀድሞ ተወዳዳሪያችን እናት ደውለው፣ «ልጄ፣ እናንተ ከድሃ ልጅ ገንዘብ አትቀበሉም እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ስናገር ከርሜ፣ ዘንድሮ መመዝገቢያ ያስከፍላሉ አሉኝ» ሲሉኝ የተወሰደብን ነገር ክብደቱ ገባኝ።

አራት ኪሎ ቢሮ ያለው ጠበቃ ወዳጄ በቅድሚያ ያስረዳኝ ማድረግ የማንችለውን ነው። ወጣቶችን በዳኞች ፊት አቅርቦ አሸናፊ መምረጥ ሐሳብ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሐሳብን አይጠብቅምና ማንም ተመሳሳይ ውድድር ቢያዘጋጅ ልንከለክለው አንችልም። ልንከለክል የምንችለው ሕዝቡን ከእኛ ጋር በሚያምታታ ስምና አርማ መጠቀምን ነው፤ እሱም ቢሆን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የባለቤትነት መብት የሚገኘው በምዝገባ ስለሆነ አስቀድመን ማስመዝገብ ነበረብን።

በድሮው ስማችን ያስገባነው ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም። ስሙ የከተማዋን መጠሪያና «የድምፅ ውድድር» የሚለውን ሐረግ ያጣመረ ስለነበር፣ አገልግሎቱን ከመግለጽ አልፎ የእኛን ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። አንደኛው ጓደኛችን ከቅኝቶቹ አንዱን፣ ትዝታን ወይም አንቺሆዬን እንውሰድ ሲል አጥብቄ ተቃወምኩ። ሕጉ ይፈቅዳል አይፈቅድም ከማለቴ በፊት፣ ክራር የሚቃኝ ሁሉ የሚጠራውን ስም አጥሮ የራስ ማድረግ ነውር ሆኖ ታየኝ፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። በመጨረሻ የመረጥነው አያቴ ክራሯን የምታቆላምጥበትን ቃል ነው፤ ቃሉ ስለ ውድድር አንዳች የሚናገረው ስለሌለ ለምልክትነት ተስማማ።

ብዙ ያከራከረን የምዝገባ ክፍል መምረጡ ነው። ዕቃዎችና አገልግሎቶች ኒስ በተባለው ለንግድ ምልክት ምዝገባ በሚያገለግል ዓለም አቀፍ አመዳደብ በ45 ክፍሎች ይለያሉ፤ ውድድርና የመድረክ ዝግጅት በ41ኛው፣ የተቀረጸ ሙዚቃ በ9ኛው፣ ካናቴራና ኮፍያ በ25ኛው ክፍል ይገባሉ። ስም በአንድ ክፍል ተመዘገበ ማለት በሁሉም ተያዘ ማለት እንዳልሆነ ለጓደኞቼ ያስረዳሁት በአንድ የታወቀ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የዩሮቪዥንን ውድድር ያሸነፈው የስዊድኑ አባ (ABBA) የሙዚቃ ቡድን ስሙን ከአራቱ አባላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲያወጣ፣ በአገሩ በዚሁ ስም የሚጠራ የዓሣ አሻጊ ድርጅት ነበር፤ ድርጅቱም ፈቀደላቸውና ሁለቱም በየሥራቸው ቀጠሉ። ገንዘባችን ለሁሉም ስላልበቃ 41ኛውንና 9ኛውን አስቀድመን ካናቴራውን አቆየነው። ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ወጥቶ ጊዜው ካለፈ በኋላ የምስክር ወረቀቱን ተቀበልን፤ የሚጸናውም ለ7 ዓመት ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ምልክቱ በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት ሦስታችንም ወንድማማች ነን ብለን እናምን ነበር። የሙዚቃ ባንድ ሲበተን አባላቱ በስሙ ሲጣሉ ስላየሁ፣ በአንዳችን ስም ሳይሆን በማኅበራችን ስም እንዲሆንና የሚለቅ ሰው ስሙን ትቶ እንዲሄድ በጽሑፍ ተስማማን። አርማውን ከሣለልን ሠዓሊም መብቱን ለማኅበሩ ማስተላለፉን የሚገልጽ ፊርማ ወሰድን።

የሚቆጨኝ ሌላው ነገር ነው። ከተወዳዳሪዎች ጋር የምንፈራረመውን ውል ከሌላ ቦታ እንዳለ ገልብጬው ስለነበር፣ የተወዳዳሪው የመድረክ ስም የአዘጋጁ ንብረት እንደሚሆን የሚደነግግ አንቀጽ በውስጡ ነበረበት። አንዲት የማሲንቆ ተጫዋች ልትፈርም ስትል እናቷ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ስም እኮ ያወጡላት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ዘንድ ሊቀር ነው?» አሉኝ። ስማችንን ተወሰድን ብዬ ለወራት የተንከራተትኩት ሰው እኔው ነበርኩና የምመልሰው አጣሁ። የንግድ ምልክት አዋጁ ራሱ የሌላን ሰው ስም ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብን አይፈቅድም፤ እኛ ግን ፈቃዱን ካልገባቸው ልጆች በፊርማ እየተቀበልን ነበር።

አንቀጹን እዚያው በእስክሪብቶ ሰርዤ ከጎኑ ፈረምኩ፤ ቀድሞ ለፈረሙትም ሁሉ የተሰረዘበትን ደብዳቤ ሰጠናቸው። አሁን ውሉ የተወዳዳሪውን ስምና ፎቶ የምንጠቀመው የተወዳደረበትን ዙር ለማስተዋወቅ ብቻ መሆኑን፣ አሸናፊውም ያሸነፈበትን ዓመት እስከጠቀሰ ድረስ የውድድራችንን ስም በማስታወቂያው ላይ ማስፈር እንደሚችል ይገልጻል። ማሲንቆ ተጫዋቿ ባለፈው ወር የመድረክ ስሟን በራሷ ባለቤትነት ለማስመዝገብ ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ፤ አልበም እስካሁን ስላላወጣች 9ኛውን ክፍል ትጨምር ወይስ ትተወው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እንድትጨምረው ነገርኳት።