መኪናዬ ሌሊት ስትለወጥ፦ ከአፕዴት በኋላ የማደርገው

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት እናት ይዤ፣ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ላይ እየነዳሁ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ ናቸው። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በሻንጣ ጢም ብሏል፤ አንዷን ቦርሳ ግን አላስነካም ብለው ጭናቸው ላይ አቅፈዋታል።

ፍጥነቱንና ከፊት መኪና ያለውን ርቀት ራሱ የሚጠብቀው ክሩዙ በርቷል፣ መሪ ይዞ መኪናውን መስመሩ ውስጥ የሚያቆየው መስመር ጠባቂውም በርቷል። ፍጥነቴ 60 ማይል። ኬንሲንግተን አጠገብ የሞርሞኖቹ ቤተ መቅደስ ከፊት ብቅ የሚልበት መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደኔ መስመር ጠጋ ጠጋ አለ። መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ያዝ አደረግኩት። ይህን ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። መሪውን ስይዝ መስመር ጠባቂው ይለቃል፣ ክሩዙ ግን እንደበራ ይቆያል፣ ፍጥነቱም አይቀንስም። እጄም እግሬም የለመዱት ይህንን ነው።

የዚያን ቀን ግን ሁለቱም አንድ ላይ ጠፉ። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እግር ካልረገጠው እንደ ቤንዚን መኪና ዝም ብሎ አይንሸራተትም። ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይዞርና ባትሪውን መሙላት ይጀምራል። ያኔ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ ይሆናል። እግሬ ፔዳሉን እስኪያገኝ 60 የነበረው 45 ገብቷል። ከኋላዬ ያለው ፒክአፕ ክላክሱን ለቀቀው። በስፖኪዮ ሳይ ከመብራቶቹ በቀር ምንም አይታይም።

«በስመ አብ! ልጄ፣ ምን ነካው?» አሉ እማማ።

«ምንም አይደል እማማ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ልቤ ግን ቀጥ ብሏል።

እሳቸውን አድርሼ ኤርፖርቱ መጠበቂያ ቦታ ላይ መኪናዬን አቆምኩ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ስልኬ ላይ «አዲስ አፕዴት ተዘጋጅቷል» ብሎ ነበር፤ በኢንተርኔት የሚመጣ የመኪናዋ ሶፍትዌር ማሻሻያ ማለት ነው። እኔም ሳላነብ «ጫን» ብዬ ተኛሁ። አሁን የመኪናዋን ስክሪን ከፍቼ የአፕዴቱን ማስታወሻ አነበብኩት። አምስት መስመር ናት። ሦስተኛዋ ላይ ተጽፏል፦ ነጂው መሪውን ሲረከብ ክሩዙም አብሮ ይጠፋል።

ለአንድ ሰው ሕይወት ኃላፊነት ይዤ ነበር የምነዳው። አንድ መስመር ሳላነብ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት።

እንዴት ነው ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና ጠዋት ሌላ የምትሆነው? ካሜራው ያው ነው፣ ሞተሩም ፍሬኑም ያው ነው። ካሜራው ያየውን የሚተረጉመው፣ «አሁን ቀንስ፣ አሁን መሪውን ያዝ» የሚለው ግን ሶፍትዌሩ ነው። እሱ ሲቀየር የመኪናው ጠባይ ይቀየራል። በደጉም በክፉውም ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕቃ እየፈተነ ለገዢዎች የሚመክረው የአሜሪካው ኮንስዩመር ሪፖርትስ የቴስላን ሞዴል 3 ፈትኖ ከ60 ማይል ፍጥነት ለመቆም 152 ጫማ እንደሚፈጅበት ለካ፤ በጣም ረዘመ ብሎም አላጨበጨበለትም። በቀናት ውስጥ ኩባንያው በኢንተርኔት አፕዴት ላከ። ያው መኪና በድጋሚ ሲፈተን በ133 ጫማ ቆመ። ብሎን የፈታ ሰው የለም። 19 ጫማ ማለት የአንድ ትልቅ ፒክአፕ ርዝመት ነው፤ ከሰው መግጨትና ካለመግጨት መካከል ያለ ርቀት።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2021 ቴስላ በሰሜን አሜሪካ አዲስ ከሚሠራቸው ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ላይ ራዳሩን አውጥቶ በካሜራ ብቻ መሥራት ሲጀምር፣ መሪ የሚይዘው ክፍል መጀመሪያ ላይ ከ75 ማይል በላይ እንዳይሠራ ተገደበ፤ ከፊት መኪናም የበለጠ እንዲርቅ ተደረገ። በኋላ ገደቡ በአፕዴት ከፍ አለ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ይኸው ኩባንያ 2 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን «ጠራ»። ጋራዥ መሄድ ያስፈለገው ሰው ግን አልነበረም፤ ጥገናው በኢንተርኔት ነው የገባው። ነጂው መንገዱን እንዲያይ የሚያሳስቡት ማስጠንቀቂያዎች ጠነከሩ፤ ደጋግሞ ችላ ያለ ነጂ እገዛውን እንዳይጠቀም ለጊዜው እንዲታገድ ተደረገ። የኔ መኪና ከሌላ ፋብሪካ ናት፣ ነገሩ ግን አንድ ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

አፕዴት ሲመጣ ወዲያው አልጭነውም። ሥራ ከሌለኝ ቀን በፊት ባለው ማታ ነው የምጭነው፤ ለኔ ቅዳሜ ማታ ነው። ከመጫኔ በፊት የነጂ እገዛ ማስተካከያ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ይህቺ ትንሽ ነገር ብዙ ጠቅማኛለች። አንድ ጊዜ የግጭት ማስጠንቀቂያውን «ቀደም ብሎ» የሚለው ላይ አድርጌው ነበር፤ ከአፕዴት በኋላ ወደ «መካከለኛ» ተመልሶ አገኘሁት። ፎቶው ባይኖር ኖሮ አላውቅም ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ለቅዳሴ ሳይወጣ፣ ብቻዬን እወጣለሁ። ሁልጊዜ ያው መንገድ ነው፦ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ጀርመንታውን ሄጄ እመለሳለሁ። መንገዱ ካልተቀየረ የተቀየረው መኪናዋ መሆኗን አውቃለሁ። ክሩዙን አበራና ከፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያልኩ እቆጥራለሁ፤ የምንራራቀው እንደ ቀድሞው ነው ወይ? ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን አይቼ እገዛውን በሦስት መንገድ አጠፋዋለሁ፦ በፍሬን፣ በመሪ፣ በቁልፉ። በእያንዳንዱ ምን እንደጠፋና ምን እንደቀረ አያለሁ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አዘጋጅቼ ነው እንጂ እንዲያው አይደለም። የማስጠንቀቂያ ድምፆቹንም አዳምጣለሁ። አንዴ «መሪውን ያዝ» የሚለው ድምፅ ከፍሬቻው ድምፅ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ትራፊክ ውስጥ ብሰማው ኖሮ ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አልሞክርም። ድንገተኛውን ፍሬን ለመፈተን ካርቶን አቁመው ወደሱ የሚነዱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የማይሠራበት ቀን የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ናት፣ የበሩ ኪስ ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚህች ደብተር የተማርኩት ከየትኛውም ማስታወሻ ይበልጣል። ለምሳሌ መኪናዬ ከሰዓት በኋላ የድልድይ ጥላ ስታይ እንቅፋት መስሏት ፍሬን ትይዝ ነበር። ደብተሬ ላይ «የድልድይ ጥላ፣ ያዘች» የሚል በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ አንድ አፕዴት መጣ፣ ነገሩም ቆመ። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፤ ተሳፋሪዎቼ ዳግም አልደነገጡም።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌላ ነገር ጻፍኩ። ቀይ መብራት ላይ ወደቆመ መኪና ስትጠጋ ቀድሞ ከምትጀምረው ዘግይታ ፍጥነት መቀነስ ጀመረች። ሳስበው ሁለቱ ነገሮች ሳይያያዙ አይቀሩም። በጥላ እንዳይደነግጥ የተደረገ ሲስተም እውነተኛውንም ነገር ለማመን ትንሽ ሊቆይ ይችላል። አንዱን ስታጠብቀው ሌላው ይላላል። ስለዚህ የቆመ መኪና ከሩቅ ካየሁ አሁን ራሴ ነኝ ቀድሜ ፍሬን የምይዘው። መቼም የዚህ ዓይነት እገዛ ሲስተም «ደረጃ 2» ነው የሚባለው፤ መሪም ይዞ፣ ፍጥነትም ጠብቆ፣ ኃላፊው ነጂው ነው።

ሌላው የተማርኩት ስለ ባለቤቴ ነው። እሷ ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ሲኖራት መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች። እያንዳንዳችን መኪናዋ ውስጥ የራሳችን ፕሮፋይል አለን፤ ማስተካከያውም የየግላችን ነው። እኔ የራሴን አስተካክዬ ስተኛ የእሷ እንደተለወጠ ቀርቶ ነበር። ደክሟት ከሥራ ስትመለስ በአዲስ ጠባይ መኪና ነው የነዳችው። ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል። አሁን ሁለቱንም ፕሮፋይል አብረን እናያለን። ምን እንደተቀየረም ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ተቀምጠን አሳያታለሁ።

ባለፈው ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ እሱም እንደ ብዙው ሰው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች ስክሪኗ በቻይንኛ ነው፤ ውስጧ ያለው ሲምም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ አፕዴት አይደርሳትም። «አንተ ታድለሃል» አለኝ። እኔ ደግሞ የእሱ መኪና ትናንት የነበረችውን ዛሬም መሆኗ ዋጋ እንዳለው ነገርኩት። ያም ሆኖ የተገኘ ስህተት ቢኖር የሚያርምለት የለም፤ ይህ ያሳስበኛል። የቻይንኛውን ገጽ ፎቶ እያነሳ በስልክ እየተረጎመ አንድ በአንድ እንዲለየው መከርኩት። መስመር ጠባቂውን አጥፍቶታል። ቀለሙ የለቀቀ አስፋልት ላይ ካሜራው የሚይዘው መስመር ስለሌለው ልክ አድርጓል።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ አዲስ አፕዴት መጣ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አልነካሁትም። ነገ አራት ሰዓት ላይ አንድ ቤተሰብ ከነሕፃን ልጃቸው ኤርፖርት አደርሳለሁ። ማታ ደብተሩን ለመጻፍ ሳወጣው ባለቤቴ ቀድማኝ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጽፋበት አገኘሁ፦ «ያለፈውን በዝናብ ገና አልሞከርነውም።»